ከጠርሙስ ወደ ፍርድ፦ «ፊያስኮ» የተባለው ቃል አመጣጥና የትርጉም ጉዞ

እንግሊዝኛ ሳይሳካ የቀረን ጥረት የሚጠራባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም ሥራቸው ሲመረመር የተነሡበትን ምስል ይገልጣሉ። «ፌይል» የሚለው የዘወትር ግስ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን በላቲኑ ፍቺው «ማታለል» ነበር፤ ያልተሳካለት ሰው ተስፋው ያታለለው ሰው ነው ማለት ነው። «ዴባክል» የሚለው ደግሞ በብርድ ወራት የረጋ የወንዝ በረዶ ሙቀት ሲመጣ ተሰባብሮ በአንድ ጊዜ የሚናድበትን ትርምስ ከሚገልጽ የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ነው። «ፊያስኮ» ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለጥም። ቃሉ በትውልድ አገሩ በጣሊያን እስከ ዛሬ «ጠርሙስ» ማለት ነው፤ ጠርሙስ የውድቀት ስም የሆነበትን ምክንያት ግን ከቃሉ መልክ ማንበብ አይቻልም።

ስለዚህ ቃል ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው ስለ አመጣጡ የሚነገሩት ታሪኮች ምን ያህል ማስረጃ አላቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለተርጓሚና ለተመራማሪ ይበልጥ የሚከብደው፣ «ፊያስኮ» ከተራ ውድቀት በምን ይለያል የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ጥንታዊ መልክ በኋለኛው ዘመን ላቲን ይገኛል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ስለ ጣሊያን ቅዱሳን በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ፣ ሕዝቡ «ፍላስኮኔስ» ብሎ የሚጠራቸው ሁለት የእንጨት ዕቃዎች ወይን ተሞልተው ለቅዱስ ቤኔዲክት ይላካሉ። መልእክተኛው አንዱን በመንገድ ደብቆ ሌላውን ብቻ ያደርሳል። ቅዱሱም ከደበቀው ዕቃ ከመጠጣቱ በፊት አዘንብሎ እንዲያየው ያስጠነቅቀዋል፤ ሲያዘነብለውም እባብ ይወጣል። አማኙ ከታሪኩ ተአምሩን ያስባል፤ የሥርወ ቃል ተመራማሪ ግን እባቡን ትቶ ዕቃውን ይይዛል። ዕቃው ከእንጨት የተሠራ ነው፣ ስሙም የሊቃውንት ሳይሆን የሕዝብ ነው። ይህን ስም አንዳንድ ሊቃውንት ከጀርመናውያን ቋንቋዎች የመጣና «መጎንጎን» ከሚል ሥር ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ትንሽ ዕቃ» የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ቃል ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው የተገኘ ነው ይላሉ።

ከዚህ አንድ ግንድ እንግሊዝኛ ሦስት ቃላት አግኝቷል። «ፍላስክ» ዛሬ የቤተ ሙከራ ብርጭቆና የኪስ መጠጥ መያዣ ስም ነው፤ «ፍላገን» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የትልቅ ማንቆርቆሪያ ስም ነው፤ ሦስተኛው «ፊያስኮ» ነው። ሦስቱ ወንድማማቾች ቢሆኑም የእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዝምድናቸውን አይሰማውም። ሁለቱን ሲናገር ዕቃ ይታየዋል፤ ሦስተኛውን ሲናገር ግን የሚታየው የተበላሸ ሥራና በዚያ ሥራ ዙሪያ የቆመ ሰው ነው።

በጣሊያን ምድር «ፊያስኮ» ለብዙ መቶ ዓመታት ምንም ነውር ያልነበረበት የቤት ቃል ነበር። በ14ኛው መቶ ዘመን ቦካቺዮ በ«ዴካሜሮን» ውስጥ ስለ ፍሎረንሱ ዳቦ ጋጋሪ ስለ ቺስቲ ይተርካል። አንድ ታላቅ ሰው ከቺስቲ ጥሩ ወይን እንዲያመጣለት አገልጋዩን ይልካል። አገልጋዩ ስግብግብ ነውና እጅግ ትልቅ ፊያስኮ ይዞ ይመጣል። ጋጋሪውም «ጌታህ ወደ እኔ አልላከህም» ይለዋል፤ ወደ ማን ታዲያ ብሎ ሲጠየቅ፣ በከተማው መካከል ወደሚፈስሰው ወደ አርኖ ወንዝ ነው ብሎ ይመልሳል። ጌታው ጠርሙሱን እንዲያሳየው አገልጋዩን ባዘዘ ጊዜ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በታሪኩ ውስጥ ያፈረው ሰው አለ፤ ጠርሙሱ ግን ጠርሙስ ብቻ ነው።

ኋላ በቶስካና አውራጃ ፊያስኮ የሚባለው ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም፣ ሥሩ በሣር ጉንጉን የተለበሰ የመስታወት ጠርሙስ ሆነ። ጉንጉኑ መስታወቱን ከግጭት ይጠብቃል፤ ክብ ሆድ ያለው ጠርሙስም እንዲቆም ያደርጋል። የወይን ንግድ በዚህ ዕቃ ይካሄድ ስለ ነበር በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የአውራጃው መንግሥት መጠኑን በአዋጅ ወስኖ በማኅተም ያረጋግጥ ነበር። ይህ ዝርዝር ለሚከተለው ክርክር ጠቃሚ ነው፤ ፊያስኮ በአገሩ መንግሥት ልኩን የሚቆጣጠረው የተከበረ መለኪያ እንጂ የዕቃ ትርፍራፊ አልነበረም።

ጠርሙስ ወደ ውድቀት የተሻገረበትን መንገድ ለማስረዳት ብዙ ታሪኮች ይነገራሉ። በሰፊው የሚታወቀው የቬኒስ መስታወት ሠሪዎች ታሪክ ነው። ባለሙያው ጥሩ ጌጠኛ ዕቃ ሊሠራ ጀምሮ መስታወቱ ሲበላሽበት ተራ ጠርሙስ አድርጎ ይጨርሰው ነበር፤ ስለዚህ «ፊያስኮ ሠራ» ማለት «አበላሸ» ማለት ሆነ ይባላል። ታሪኩ ለጆሮ ያምራል፤ ድክመቱም ምናልባት ይኸው ነው። ደጋፊዎቹ ከመስታወት ሠሪዎች መንደር የተገኘ አንድም የጥንት ጽሑፍ አያቀርቡም፤ ቃሉ በውድቀት ፍቺው የሚታየው በእሳትና በመስታወት ሙያ ሳይሆን በትያትር ቤት ነው። ሁለተኛው ታሪክ ስለ ዶሜኒኮ ቢያንኮሌሊ ነው። ቢያንኮሌሊ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ የአርሌኪኖን የቀልደኛ ገጸ ባሕርይ በመጫወት የታወቀ ተዋናይ ነበር። በየምሽቱ አንድ ዕቃ በእጁ ይዞ ስለ ዕቃው እየቀለደ ተመልካቹን ያስቅ ነበር ይባላል። አንድ ቀን ግን ጠርሙስ ይዞ ወጥቶ የሚስቅለት አጣ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ጠርሙሱን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው፤ ከዚያ በኋላ የማያስቅ ተዋናይ ሁሉ «የአርሌኪኖ ፊያስኮ» ተባለ ይላሉ። ሦስተኛው መላ ከጨዋታ ተነሥቶ፣ የተሸነፈው ወገን ለሁሉም የሚጠጣ አንድ ጠርሙስ ወይን ይከፍል ስለ ነበር «ፊያስኮ ማድረግ» ማለት መሸነፍ ሆነ ይላል።

ሦስቱን በማስረጃ ሚዛን ብናስቀምጣቸው አንዱም ራሱን ችሎ አይቆምም። ጥቅም የሌላቸው ግን አይደሉም። የቢያንኮሌሊ ታሪክ እንደ ታሪክ አጠራጣሪ ቢሆንም ቃሉ በእርግጥ የሚገኝበትን ቦታ በትክክል ይጠቁማል፤ ቦታው መድረክ ነው፣ ፈራጁም ሳቁን የነፈገ ተመልካች ነው። ሕዝብ የፈጠረው የሥርወ ቃል ተረት ብዙ ጊዜ ስለ ቃሉ ልደት ይሳሳታል፤ ስለ ቃሉ ኑሮ ግን ብዙ ያውቃል።

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ በዚህ ላይ የሚያነሣው ተገቢ ጥያቄ አለ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር ባለበት ቋንቋ የመስታወት ዕቃ የብልሽት ምሳሌ መሆኑ ምን ያስደንቃል? የጠጅ ብርሌም እንደ ቶስካናው ጠርሙስ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅም ነው። ተመሳሳይነቱ ግን ያሳስታል። የአማርኛው አነጋገር ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ብርሌው ነቅቷል፣ ስለዚህ አያገለግልም። በጣሊያንኛው ሐረግ ውስጥ ግን የተሰነጠቀ ነገር የለም፤ ያለው ደህና ጠርሙስ ነው። ደግሞም የነቃ ብርሌ አይጠገንም፤ ፊያስኮ የተባለ ሥራ ግን፣ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ ሊያገግም ይችላል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጣሊያን ኦፔራ የፍጥነት ሥራ ነበር። ትያትር ቤቶች ለየወቅቱ አዲስ ድርሰት ያዝዙ ነበር፤ አቀናባሪው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጽፎ ያስረክባል፤ በልማዱ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች ከኦርኬስትራው ጋር በፒያኖ መሰል መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ትርኢቱን ይመራል። ድርሰቱ ሲወደድለት ጭብጨባውን፣ ሲጠላበትም ፉጨቱን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ መደበቂያ የለውም። እንዲህ ያለ ሙያ ለእንዲህ ያለ ምሽት የራሱ ስም ቢያስፈልገው አያስገርምም። ሮሲኒ በወጣትነቱ ለእናቱ በሚልከው ደብዳቤ የአዲስ ኦፔራውን ዕጣ በጠርሙስ ሥዕል ይገልጽላት እንደ ነበር፣ ትልቅ ጠርሙስ ትልቅ ውድቀት፣ ትንሽ ጠርሙስ ትንሽ ውድቀት ማለት እንደ ነበር፣ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ።

የሮሲኒ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» የካቲት ውስጥ በ1816 በሮም በአርጀንቲና ትያትር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ምሽቱ በፉጨትና በሳቅ ተበጠበጠ። በዚያው ታሪክ ላይ ቀደም ብሎ ኦፔራ የጻፈው የፓይዚዬሎ ወዳጆች ሊያውኩ እንደ መጡ ይነገራል። የሮዚናን ክፍል የዘመረችው ጄልትሩዴ ሪጌቲ ጆርጂ ከዓመታት በኋላ በጻፈችው ማስታወሻ እንደሚነበበው፣ አንዱ ዘማሪ ወድቆ አፍንጫው እየደማ ዘመረ፤ መድረኩ ላይም ድመት ወጣች። በሁለተኛው ምሽት ግን ያው ሙዚቃ ተጨበጨበለት። ቨርዲም እንዲሁ። «ላ ትራቪያታ» መጋቢት 6 ቀን 1853 በቬኒስ በላ ፌኒቼ ከታየ በኋላ በማግሥቱ በላካቸው ደብዳቤዎች ራሱ «ፊያስኮ» ብሎ ጻፈ፤ ጥፋቱ የእርሱ ይሁን የዘማሪዎቹ ጊዜ እንደሚፈርድም አከለ። በሳንባ ነቀርሳ መንምና የምትሞተውን ሴት የዘመረችው ፋኒ ሳልቪኒ ዶናቴሊ ሰውነቷ ደልደል ያለ ስለ ነበር ተመልካቹ ለልቅሶ በተዘጋጀው ትዕይንት ሳቀ። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ ግንቦት 6 ቀን 1854፣ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ተሻሽለው በዚያችው ከተማ በሌላ ትያትር ቤት ሲቀርብ ግን በታላቅ ደስታ ተቀበሉት።

እዚህ ላይ የቃሉ ፍሬ ነገር ይገለጣል። በሮምም ሆነ በቬኒስ በሁለቱ ትርኢቶች መካከል ድርሰቱ ከሞላ ጎደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍርዱ ነው። ስለዚህ «ፊያስኮ» የአንድን ሥራ ባሕርይ አይገልጽም፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በተሰበሰበ ሰው ፊት በሥራውና በሚጠብቀው ሕዝብ መካከል የሆነውን ይገልጻል። ማንም ያላየው ውድቀት ፊያስኮ አይሆንም። ማንም ምንም ያልጠበቀበት ውድቀትም እንዲሁ።

ቃሉን ወደ ፈረንሳይኛ ካስገቡት መካከል ስታንዳል አለ። የጣሊያን ኦፔራ ወዳጅና የሮሲኒ ሕይወት ጸሐፊ የነበረው ይህ ሰው ስለ ፍቅር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ «ፊያስኮ» የሚል ምዕራፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ ምዕራፉ በ1822ቱ የመጀመሪያ እትም አልገባም፣ የታተመው ስታንዳል ካረፈ በኋላ ነው። ጉዳዩ ወንድ በፍቅር አልጋ ላይ ድንገት አቅም ማጣቱ ነው። ይህ አጠቃቀም ከላይ የተባለውን የሚያፈርስ ይመስላል፤ አዳራሽ የለም፣ ፉጨት የለም። ነገር ግን ተመልካች አለ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ፍርዱም ከአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፍርድ ይልቅ የሚፈራ ነው።

በእንግሊዝኛ ቃሉ ሥር የሰደደው በ1850ዎቹ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከሚጠቅሳቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ በ1855 የተጻፈ የሎርድ ሎንስዴል ደብዳቤ ሲሆን ደብዳቤው የሚናገረው ስለ ኦፔራ ሳይሆን ስለ ፖለቲካ ነው። የክራይሚያ ጦርነት አመራር እንዲመረመር በፓርላማ የቀረበው ሐሳብ ጥር 29 ቀን በ305 ድምፅ በ148 ላይ ሲያልፍ የአበርዲን መንግሥት ወደቀ። ንግሥት ቪክቶሪያ ሎርድ ደርቢ መንግሥት እንዲያቋቁም ጠየቀችው፤ ሞክሮ አልቻለም፤ ሥልጣኑ ለፓልመርስተን ሆነ። ደብዳቤ ጸሐፊውም ደርቢ የትያትር ሰዎች ፊያስኮ የሚሉትን ነገር ሠራ አለ። «የትያትር ሰዎች የሚሉትን» የምትለዋ ተጨማሪ ቃሉ ገና እንግዳ እንደ ነበረ ታሳያለች፤ እንግዳውም ገና ከመድረክ ሳይወርድ በፓርላማ ሰው ላይ ተለጠፈ። ብዙ የተውሶ ቃላት የትውልድ ሙያቸውን ቀስ በቀስ ይለቃሉ፤ ይህ ቃል ግን ገና ሲገባ ፖለቲካን እንደ መድረክ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ ሆኖ ገባ።

በ20ኛው መቶ ዘመን ቃሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ቃል ለመሆን በቃ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤርቪንግ ጃኒስ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ «ፊያስኮ» የሚለውን ቃል በብዙ ቁጥር አስገብቶ፣ ብልህ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያልበሰለ ውሳኔ የሚወስኑት እንዴት እንደሆነ መረመረ። ዋና ምሳሌው በ1961 ሚያዝያ ውስጥ በኩባ የአሳማዎች የባሕር ወሽመጥ የተደረገው ወረራ ነው። በአሜሪካ የሠለጠኑ 1,400 ያህል ኩባውያን ስደተኞች ወርደው በሦስት ቀን ተሸነፉ፤ ከ1,100 በላይ የሚሆኑት ተማረኩ። በጃኒስ አጠቃቀም ፊያስኮ የውሳኔ ባሕርይ ነው፤ ከመነሻው ስሕተት ነበር፣ ስለዚህ ፊያስኮ ነው።

ይህን አቋም ማርክ ቦቨንስና ፖል ታርት የተባሉት የኔዘርላንድ ምሁራን በ1996 በወጣ መጽሐፋቸው ተቹት። በእነርሱ አስተያየት «የፖሊሲ ፊያስኮ» በመስክ ወጥቶ የሚለካ ነገር አይደለም፤ የሚጠበቀውን የሚወስን፣ ጊዜውን የሚቆርጥ፣ ጥፋቱንም ለአንድ ሰው የሚያሸክም ፍርድ ነው። የሲድኒ ኦፔራ ቤት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሕንፃው 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይፈጃል ተብሎ 102 ሚሊዮን ፈጀ፤ በ1963 ያልቃል ተብሎ በ1973 ተመረቀ፤ አርክቴክቱ ዮርን ኡትሶን በ1966 ሥራውን ትቶ ወጣ፣ ያለቀውን ሕንፃም በዓይኑ ሳያይ አረፈ። በዚያው በ1966 የተጠየቀ ታዛቢ ፕሮጀክቱን ፊያስኮ ቢለው የሚከራከረው አይኖርም ነበር። በ2007 ሕንፃው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ሁለቱ ምሁራን የደረሱበት ሐሳብ የቬኒስ ተመልካች በ1853ና በ1854 በድርጊቱ ያሳየው ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና ሐሳባቸው ገደብ ያስፈልገዋል። በኩባ የባሕር ዳርቻ የሞቱት ሰዎች በፍርድ መለወጥ አይነሡም፤ ለኦፔራ ሁለተኛ ምሽት አለው፣ ለወረራ ግን የለውም። ቃሉን ከመድረክ ወደ ጦር ሜዳ የሚወስድ ጸሐፊ ይህን ልዩነት ካልጠበቀ ሞትን ከተበላሸ ትርኢት ጋር ያስተካክላል።

ለአማርኛ ተርጓሚ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በቅርብ የሚገኘው ቃል «ክሽፈት» ነው። ቃሉ ከጠመንጃ ጋር የኖረ ነው፤ ቃታው ተስቦ ጥይቱ ሳይተኩስ ሲቀር ከሸፈ ይባላል፤ ከዚያም ለሴራ፣ ለመፈንቅለ መንግሥት፣ ለዕቅድ ተላለፈ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ለወጣው «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» ለተባለው መጽሐፋቸው ርዕስ ሲመርጡት ቃሉ የአንድን ሀገር ረጅም ታሪክ እስከ መሸከም ደረሰ። ነገር ግን ጥይት ሰው በሌለበት ዱርም ይከሽፋል። መክሸፍ ተመልካች አይሻም፤ የሚሻው ያልተፈጸመ ዓላማ ብቻ ነው። «መና ቀረ» እና «ውሃ በላው» የሚሉት ደግሞ የጠፋውን ድካም እንጂ ያየውን ሰው አያነሡም። በሌላ ወገን «ቅሌት» እና «መሳለቂያ» ተመልካች አላቸው፤ ነገር ግን ሰው ምንም ሳይጥር ሊቀል ይችላል። ፊያስኮ ሁለቱንም በአንድነት ይጠይቃል፤ የታሰበበት ጥረት መኖሩንና የጥረቱ ውድቀት በሰው ፊት መሆኑን።

እንግዲህ በአንድ ቃል ከመተካት ይልቅ ዐውዱን መከተል ይሻላል። የጃኒስን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው «ክሽፈት» ቢል ከጸሐፊው አሳብ አይርቅም፤ ጃኒስ የሚመረምረው ውሳኔውን እንጂ ሳቁን አይደለምና። የቦቨንስንና የታርትን የሚተረጉም ግን በዚሁ ቃል ቢጸና መከራከሪያቸው ይጠፋበታል፤ «ክሽፈት የተመልካች ፍርድ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጆሮ ትርጉም አይሰጥም፤ «መሳለቂያ መሆን የተመልካች ፍርድ ነው» ቢባል ግን ወዲያው ይገባል። የቨርዲ ደብዳቤ ከሁሉም ይከብዳል። አቀናባሪው ስለ ድርሰቱ ዋጋ ገና አልፈረደም፤ ጥፋተኛውንም ገና አልለየም፤ የተናገረው በዚያ ምሽት የሆነውን ብቻ ነው። «ትራቪያታ ከሸፈች» ማለት እርሱ ለጊዜ የተወውን ፍርድ ተርጓሚው ቀድሞ መፍረዱ ይሆናል። «ትናንት ማታ ተሳቀባት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጠርሙሱን ባይዝም ደብዳቤው የተናገረውን ያህል ይናገራል፤ ያላለውንም አይጨምርም።